ጠባቂ የሌላቸው ሁለት ባንዲራዎች

ለክብርት የክሊትሃውን ከተማ ከንቲባ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? መስከረም ገብቶ የባሕሩ ነፋስ በርትቷልና ራስዎን ከብርድ እንዲጠብቁ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ሦስታችን ማለቴ ነው። ታናሽ እህቴ ሲሊዬ ባለፈው ነሐሴ በከተማዎ ባሕር ሰጥማ ስለሞተች በእሷ ስም ሰላምታ ማቅረብ አልቻልኩም።

እንደ ማንኛውም ቤተሰብ ድንኳናችንንና የአጃ ዳቦአችንን መኪና ላይ ጭነን፣ ከዴንማርክ ሰሜናዊ ጫፍ ተነስተን በምዕራቡ ዳርቻ ቁልቁል ስንነዳ፣ ሲሊዬ በደረስንበት ሁሉ ውሃ ውስጥ ሳትነከር አላለፈችም። የእረፍታችንን የመጨረሻ ቀን ያሳለፍነው እናንተ ዘንድ ስለሆነ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ባንዲራዎቹ። ቀይና ቢጫ ቀለም ያላቸው ሁለት ባንዲራዎች ዳርቻው ላይ ሲሰቀሉ የዋና ጠባቂዎች እያዩን እንደሆነ፣ መዋኘት ያለብንም በሁለቱ መሃል እንደሆነ እዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ወጪ ለመቆጠብ ጠባቂዎቹን ቀድማችሁ ስታሰናብቱ፣ ባንዲራዎቹን ግን ለዳርቻው ውበት ብላችሁ መተዋችሁ የሚደነቅ ነው። አባቴ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ አንድም መኪና በማይታይበት፣ ቀዩ መብራት እስኪለወጥ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሲሊዬን «በባንዲራዎቹ መሃል ብቻ፣ እሺ?» አላት። እኔ ማዕበሉን አይቼ ሳመነታ እሷ «ወይ ፈሪ! ባንዲራ ተሰቅሎልህ እኮ ነው፤ ና!» ብላኝ ሮጠች። ከመሃሉ ፈቀቅ አላለችም። ወደ ጥልቁ የሚስበው ውሃ ይዟት የሄደው ሕግ አክብራ ሳለች ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጠባቂዎቹ ጎጆ። አዲስ ቀለም ተቀብቶ አምሯል። የነፍስ አድን ቀለበቱም እንዳይሰረቅ ውስጥ ተቆልፎበት ስለነበር እናቴ በመስኮቱ በደንብ አይታዋለች። አባቴ መስታወቱን በድንጋይ ሰብሮ፣ ቀለበቱን ይዞ ሲደርስ፣ የሚወረውርላት ልጅ ከውሃው በላይ አልነበረችም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማጽናኛ ቃልዎ። «የጥበቃው ወቅት ማብቃቱ በድረ ገጻችን በግልጽ ተነግሯል» ስላሉን እናመሰግናለን። ሲሊዬ ስልኳን ፎጣዋ ላይ ትታ መግባቷ ስህተት ነበር፤ እንድታርመው እንዳንነግራት ግን የለችም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስለ አባቴ። አሁን አሁን አረንጓዴው ሲበራም አይንቀሳቀስም። ከኋላ ያሉት መኪኖች ሲጮሁበት እናቴ «በል ንዳ እንጂ፣ ቶርበን» ትለዋለች። ይህ ግን ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርብ ጉዳይ አይመስለኝም።

ጠባቂዎቹን ይመልሱልን ብዬ አልደፍርም። ጠባቂው ሲሄድ ባንዲራው አብሮት ይውረድ ብዬ ብቻ እለምናለሁ፤ እንደማይወርድም አውቃለሁ።

ለሚሰጡኝ ዝምታ ከወዲሁ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የከተማዎ መስተንግዶ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የማይረሳኝ፣

አስገር ቪንተር
የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ በአውቶቡስ መጥቼ ሁለቱንም ባንዲራዎች አውርጄ ወስጃለሁ። እሑድ ተመልሼ ስመጣ አዲሶች ተሰቅለው፣ የማላውቃቸው ሁለት ልጆች በመሃላቸው ይዋኙ ነበር። «ውጡ!» ብዬ ስጮህ እናታቸው «ምነው ልጄ፣ ባንዲራው አይታይህም?» አለችኝ። የማዘጋጃ ቤትዎ ሠራተኞች ይህን ያህል ፈጣን መሆናቸውን አላውቅም ነበርና አድናቆቴን ያድርሱልኝ።