ክስ የማይቀርብበት ዕዳ

ሰኞ
ተሳካ! የጥብቅና ቢሯችን አለቃ አቶ ዳንኤል ረቂቄን አንብበው «አንቺ ልጅ፣ ብዕር አለሽ» አሉኝ። ደንበኛችን የአወራራጅ ድርጅቶች ማኅበር ነው። በሚወጣው የውርርድ ሕግ ላይ አስተያየታቸውን የምጽፍላቸው እኔ፣ ገና ዘንድሮ የተመረቅኩት! «ቁማር» የሚለውን ሁሉ «ጨዋታ» አድርጊው ተባልኩ። ኮምፒውተሩን በአንዴ እንዲቀይር ባዘው «ቁማርተኛ»ን «ጨዋታተኛ» አድርጎት አረፈ። ቢሮው በሳቅ ፈነዳ።

ማክሰኞ
የዛሬዋ ዐረፍተ ነገር ከባድ ነበረች። እስካሁን ባለው ሕግ በውርርድ የመጣ ዕዳ ክስ አይቀርብበትም። ማኅበሩ ግን ውርርድ እንደማንኛውም ውል ይጽና፣ ፍርድ ቤትም ያስፈጽመው ይላል። አሳምሬ ጻፍኩት።

ማታ ላፍቶ፣ ሰፈሬ ስገባ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በር ላይ ያዙኝ። ልጃቸው በረከት፣ አብሮ አደጌ፣ ከፋሲካ ወዲህ የለም፤ ስልኩም ዝግ ነው። ለካ መካኒሳ አንድ አወራራጅ ዘንድ በዱቤ ሲወራረድ፣ በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛላቸውን የስፌት መኪና መያዣ አድርጎ ፈርሟል።
«ከአወራራጁ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። አንቺ ሕግ ተምረሻል፤ ይወስዱብኛል እንዴ?»
«አይችሉም እትዬ! ፍርድ ቤት አይሰማቸውም።»
ኩራት ተሰማኝ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ከሰዓት የጻፍኩት ትዝ ያለኝ።

ረቡዕ
እንቅልፍ የለም። በረከት በውርርድ ትኬቶቹ ስቆጣው «አቦ አታካብጂ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ይለኝ ነበር። ዛሬ ረቂቁ ላይ «ጨዋታ» ባነበብኩ ቁጥር ድምፁ የሱ ነው። አንዴማ ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞርኩ።
ማክሰኞ የጻፍኩት አንቀጽ ይውጣ ብዬ ለመንኩ። አቶ ዳንኤል «እኛ አስተያየት ሰጠን እንጂ ሕግ አላወጣንም። ተይው መክሊት» አሉኝ።

ሐሙስ
የምክክር መድረክ፣ ሆቴል። ምሳው ግሩም። የማኅበሩ ሰብሳቢ ዐረፍተ ነገሬን ቃል በቃል አነበበው። የሕጉ አርቃቂዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። እጄን አወጣሁ። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።
«ቢያንስ በዱቤ በተደረገ ውርርድ ማንም አይከሰስ።»
ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ «እህታችን የማን ተወካይ ናት?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። አቶ ዳንኤል አልሳቁም።

ዓርብ
ከሥራ ተሰናበትኩ። በስልክ። ከአርቃቂዎቹ አንዷ ግን ደውላ «የዱቤውን ነገር በአንድ ገጽ ጻፊልኝ፤ ቃል አልገባልሽም» አለች። ጽፌ ላክሁላት።

ሕጉ ተለውጦ የስፌት መኪናውን በፍርድ ቤት ሊወስዱባቸው እንደሚችሉ ለእትዬ አልማዝ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ዛሬ እዚሁ እደሪልኝ» አሉ። ይኸው የበረከት አልጋ ላይ ነኝ። የውጩ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ እሳቸው እሱ መስሏቸው፣ እኔ እነዚያ ሁለት ሰዎች መስለውኝ።