እማዬ የወደደችው አልበም

ይድረስ ባሕር ተሻግሮ ለወንድምዓለም ቶማስ፤

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰነበታችሁ? ያ የጀርባ ሕመምህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም መሪ ጨብጠህ ስትውል ይይዝሃል? ሳሌምስ እንዴት ናት? ትንሿ ሰምሀል አማርኛዋ እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ «አክስቴ» ስትለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሜልቦርን በጋው እየገባ ነው ብለኸኛል፤ እዚህ ደግሞ የእንጦጦ ብርድ ቁልቁል ወርዶ ጉለሌ ላይ ሰፍሯል። ከዚህ በቀር እኛ ምን ሆነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ባለቤቴ መሳይ ሥራውን ይሠራል፤ እኔም ያው ጳውሎስ አካባቢ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ ሳባዛና ስጠርዝ እውላለሁ፤ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት።

«ቴሌግራም እያለ ወረቀት ምን አመጣው?» ትል ይሆናል። በስልክ የእማዬን ስም ባነሳሁ ቁጥር «እሺ፣ እሺ» ብለህ ስለ ዝናቡ ትጠይቀኛለህ፤ ወረቀትን ግን አፉን ይዘው ዝም አያሰኙትም። ደግሞም የሾዴ ወንድም ባጫ በዚህ ሳምንት ወደ እናንተው ስለሚመለስ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር አስይዤዋለሁ። ሾዴ ማን እንደሆነች ቆይ እነግርሃለሁ። አንድ ነገር ገጥሞኝ ውሉ ጠፍቶብኛል። ለመሳይ ብነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ «እኔም አልገባኝም» አለኝ። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ብራቅ ባንድ አዲስ አልበም አወጣ። ሰምተህ ይሆናል፣ ላትሰማም ትችላለህ፤ ከዚህ ከወጣህ ወዲህ የብራቅን ስም ከአፍህ ሰምቼ አላውቅም። «ተበታተኑ» ሲባል፣ «ጊታሪስቱ ሱቅ ከፈተ» ሲባል ከርመው፣ በድንገት «ረጋ በል» የሚል አልበም ይዘው ብቅ አሉ። የመጀመሪያውን፣ «የብረት በር»ን መቼም አትረሳውም። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ አንተ፣ አንዱን እኔ ሰክተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን የምንሰማውን። የግዛቸው ድምፅ እንደ አቡጀዴ ሲቀደድ፣ ከበሮው ደረት ውስጥ ገብቶ ሲመታ፣ እኔ የሚለው ባይገባኝም አንተን እያየሁ ራሴን እወዘውዝ ነበር። አዲሱን ስከፍት ግን የተሳሳተ ነገር የነካሁ መስሎኝ ስልኬን መልሼ አየሁት። ግዛቸው ያንሾካሹካል። ጊታሩ የለም ማለት ይቻላል፤ ኪቦርድ ነው፣ ዋሽንት ነው። ስለ ጠዋት ፀሐይ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ልጆቹ እንቅልፍ ይዘፍናል። ሙሽሮች ወደ አዳራሽ ሲገቡ የሚከፈት ነገር ነው የሚመስለው።

አብሮህ የተማረው ዋቅጋሪ አሁን ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቷል። ግድግዳው ላይ የብራቅን ስም በቀይ ቀለም አስጽፏል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ የቀሩት የድሮ አድናቂዎች እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። አልበሙ በወጣ ሰሞን እኔም ሄድኩ። ለቅሶ ቤት በለው! ስብሐት፣ ያ ክፍል ውስጥ ዴስክ ሲደበድብ የሚውለው ቀጭኑ ልጅ፣ ዛሬ ራሰ በራ የታሪክ መምህር ሆኗል፤ እዚያም ቆሞ ነው የሚያስተምረው። «ይሄ ብራቅ አይደለም፣ ውሃ የበዛበት ጠላ ነው! በስማቸው ነገዱብን፤ እንደጠፉ ቢቀሩ ይሻል ነበር» ይላል። ሾዴ ያልኩህ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ባንዱን የወደደችው ከእኛ በኋላ ስለሆነ ስብሐት ይሄን አይረሳላትም። እሷም «ሰው ዕድሜ ልኩን ሊጮህ ነው እንዴ? ግዛቸው ሃምሳ ሊሞላው ነው፣ የልጆች አባት ነው። አንተስ ፀጉርህ የት ሄደ?» አለችው። ሁሉም ሲስቅ ስብሐት አልሳቀም። «እኛ ካሴቱ እስኪሳሳ ስንሰማው አንቺ የት ነበርሽ?» ብሎ ጮኸባት። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ዋቅጋሪ ከሁለቱም ወገን አልነበረም። «እኔስ የሞተ ወዳጄን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት ያየሁ ነው የመሰለኝ» አለ። እኔ ደግሞ ስብሐት ሲናገር «እውነቱን ነው» እላለሁ፤ ሾዴ ስትመልስ «እሷም እውነቷን ነው» እላለሁ። «አንቺስ ሄርሜላ?» ሲሉኝ «እ... ማለቴ፣ እኔ እንጃ» ብዬ አረፍኩ። አንተ ብትኖር የምትለውን ባውቅ እሱን እል ነበር፤ ግን አላውቅም።

ቤት ገብቼ ልብስ እያጣጠፍኩ «እስቲ ልድገመው፣ ምናልባት ችግሩ ጆሮዬ ይሆናል» ብዬ ከፈትኩት። እማዬ አጠገቤ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ። «ይሄ ልጅ ማን ነው? እንዴት ያለ ለዛ አለው!» አለችኝ። አዳልጦኝ «ብራቅ ናቸው» አልኳት።

ያ ስም በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አባዬ ባረፈ በዓመቱ ነው። ፀጉርህን አሳድገህ፣ በርህን ዘግተህ፣ «የብረት በር»ን ከፍተህ አብረህ ትጮህ ነበር። እማዬ የሰማችው ጩኸቱን ብቻ ነው። «ልጄን የያዘው ነገር አለ» ብላ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወሰደችህ፤ አንተም አባዬን ያጣች ሴት እንዳታለቅስ ብለህ ይመስለኛል ተከተልካት። ስትመለስ ፀጉርህ ተላጭቶ ነበር፤ ድምፅህም አብሮ የተላጨ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእሷ «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል አልሰጠሃትም። ቪዛህ እስኪመጣ በገዛ ቤትህ እንግዳ ሆነህ ኖርክ። ዛሬም በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትባባሉና ስልኩ ወደ እኔ ይመለሳል።

ስለዚህ «ብራቅ» ስላት ሰፌዱን ትወረውራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማችና ምን አለችኝ መሰለህ? «ቶማስ ሲሰማ የነበረው ይሄን ነው እንዴ? እንዲህ ከሆነማ ምን አጣላን?»

ምን ልበላት? «አዎ» ብላት ውሸት ነው። «አይ፣ ያ ሌላ ነው» እንዳልላት ደግሞ ፊቷ በርቷል፤ ስምህን እየፈራች ስትጠራ የኖረች ሴት ያንን ፊት ይዛ ሳያት እንዴት ብዬ ላጥፋው? ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን «ረጋ በል» ብቻ ሆነ። ጠዋት ጸሎቷን ስትጨርስ «ያን የቶማስን ክፈቺልኝ» ትላለች። አንዱን ዘፈን ግጥሙን እያሳከረች ታንጎራጉረዋለች። ጎረቤታችንን እትዬ ንግሥትን «ልጄኮ ዜማ ያውቅ ነበር፤ እኛ ነን ያልገባን» ስትላት ሰምቼ፣ ጓዳ ገብቼ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አጣሁ። እስቲ አስበው፤ የባንዱ ወዳጆች ሁሉ የተፉትን አልበም፣ ባንዱን አጥብቃ ስትጠላ የኖረችው እማዬ አቀፈችው!

በሚቀጥለው እሁድ ወደ ዋቅጋሪ ልሄድ ስነሳ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። «የቶማስ ጓደኞች በዚህ ዘፈን ይሟገታሉ አላልሽም? እኔም የምለው አለኝ» አለች። ለማስቀረት ያላልኩት የለም፤ ጉልበትሽ፣ መንገዱ፣ አቧራው አልኳት። አልሰማችኝም።

ስንደርስ ሁሉም ብድግ አለ። ዋቅጋሪ ጎማ አጽድቶ ካርቶን አነጠፈላት። ሾዴ ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ስብሐት ይቅርታ ጠይቋታል። እማዬ አልበሙን እንደወደደችው ስትናገር ሾዴ «ይኸው፣ ትልቅ ሰው መሰከረልኝ!» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ስብሐት አንገቱን ደፋ አደረገ፤ ግን አላስቻለውም። «እትዬ የዓለምወርቅ፣ የድሮውን ሰምተውት ቢሆን ይሄን ባልወደዱት ነበር» አላት። እማዬም «የትኛውን የድሮ?» አለች። ከኋላዋ ሆኜ በዓይኔም በእጄም ብጠቅሰው አላየኝም። «ቶማስ የሚወደውን ነዋ! ይሄማ ገና አሁን የወጣ ነው» አላት።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ከዚያ ዋቅጋሪን «በል አሰማኝ» አለችው። ዋቅጋሪ አመነታ። ጎማ ሊያስለጥፍ የቆመ የታክሲ ሹፌር ግራ ገብቶት ሲያየን ቆይቶ ነበርና «ከእኔ መኪና ይከፈት፣ ስፒከሩ ጥሩ ነው» ብሎ በሮቹን በረገዳቸው።

የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን «የብረት በር» መንገዱን ሞላው። አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያየናል። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቅዳሴ እንደምትሰማ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሰማች። ሲያበቃ «ስለ ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?» ብላ ጠየቀች። ዋቅጋሪ ነው የመለሰላት፤ «አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፣ እትዬ። ቤት ውስጥ የአባቱን ስም የሚያነሳለት የለም፤ ሁሉም ሌላው እንዳያለቅስ ፈርቶ በሩን ዘግቷል። ልጁ በሩን ይደበድባል።»

እኔ ራሴ ያን ሁሉ ጊዜ አብሬህ ስሰማው እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ አልነበረም። ለካ አባዬን ነበር የምታለቅሰው? ነው ወይስ አሁን እኔ ነኝ የምገጣጥመው? እማዬ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ጋኔን ያልኩት ይሄን ነው?» አለች። እንዲደገም አዘዘች፤ ዓይኗን ጨፍና ሰምታ ስትጨርስ «አዲሱ ለጆሮዬ ይስማማኛል። ይሄኛው ግን ይበልጣል» አለች። ስብሐት ክርክሩን አሸነፈ ማለት ነው፤ ግን የተሸነፈ ሰው እንኳ ፊቱ እንደዚያ አይጠቁርም። ሾዴ ታለቅስ ነበር። ሹፌሩ የጎማውን ነገር ረስቶ ቆሟል።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ ላይ ጉልበቷን ልታሳርፍ ቆመችና «ቢደወልለት ያነሳ ይሆን?» አለችኝ። «ለምን አያነሳም?» አልኳት፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አንዱንም አታስከፍተኝም። ቤቱ ጭር ብሏል። እኔም የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶብኛል። በውሸቱ አልበም ደስ ብሏት ስታንጎራጉር ብተዋት ይሻል ነበር? ወይስ እንኳን ሰማችው? ስለ አልበሙም ቢሆን ምን እንደምል አላውቅም። መጥፎ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ያ መጥፎ አልበም ባይወጣ እማዬ ያንን በር መች ታንኳኳ ነበር? ዋቅጋሪ እንደነገረኝ፣ እኛ ከሄድን በኋላ ስብሐትና ሾዴ ወገን ተለዋውጠው ተከራክረዋል፤ እሱ «አዲሱም አንዳንድ ነገር አለው» ሲል፣ እሷ «የድሮውን የሚያክል የለም» ብላ። አንተስ ምን ትላለህ? ሰምተኸው ፍረድልኝ።

ይህን ስጽፍልህ አይታ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ጸበል የወሰድኩት ፈርቼ ነው በይው። አባቱን ቀብሬ እሱንም እንዳላጣ ነበር። የቀረውን አትጻፊ፣ በወረቀት አይሆንም» ብላኛለች። ስልክ እንዴት እንደሚደወል መሳይ እያስተማራት ነው፤ እስካሁን ደጋግማ የደወለችው ለእትዬ ንግሥት ነው። የማታውቀው ቁጥር ከኢትዮጵያ ሲደውልልህ እሷ ናት፤ ወንድምዬ፣ እባክህ አንሳው።

መሳይ «ጀርባህን ለሐኪም አሳይ» ብሎ ሰላም ብሎሃል። ሳሌምን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ለሰምሀል ቀዩ ሹራብ ከእኔ ነው በላት። ዋቅጋሪ፣ ስብሐትና ሳታውቃት የምታውቅህ ሾዴ በያሉበት ሰላም ብለውሃል፤ እትዬ ንግሥትም እግዜር ይጠብቅህ ብላለች። እማዬን «ምን ልበልልሽ?» ብዬ ብጠይቃት ግን «የእኔን ሰላምታ አንቺ አታድርሺ፤ እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ» አለችኝ።

እህትህ ሄርሜላ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.