የዠረደሸት ዘመንና የእናታችን ዝምታ

«ወንድሜ ሰይፈሥላሴ ለንደን ሄዶ ኮከቡን ካደ። ዠረደሸት መቼ እንደነበረ አይታወቅም እያለ ሕፃናት ያስተምራል። ዘመኑ ያልታወቀ ሰው ትንቢቱ እንዴት ይታመናል? እናታችንም ትስማው።»

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ንዋይ። ከላይ ያለው በቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ የጻፉት የራስዎ ቃል ነው፤ አንድ ፊደል አልጨመርሁም፣ አላጎደልሁም። ተቆጥቻለሁ። ቢሆንም ሰላምታ የእግዜር ነውና እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አደረጋችሁ? ባለቤትዎ እትዬ ብፅዓትስ ደኅና ናቸው? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቀው መልሱን እየፈራሁ ነው። እኔ ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ደኅና ነኝ።

የሆነውን ከሥሩ ልንገርዎ። በልደት ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ለልጆቹ የሰብአ ሰገልን ታሪክ አስተማርኋቸው፤ ልክ አባታችን ይነግረን እንደነበረው። ዠረደሸት የሚባል የፋርስ ጠቢብ አንዲት ድንግል ሕፃን ታቅፋ በኮከብ ውስጥ አየ፤ ኮከቡ ሲወጣ እጅ መንሻ ይዛችሁ ሂዱ ብሎም ለልጆቹ ተናዘዘ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ዳናዊት የምትባል ልጅ ስልኳን ቼክ አደረገችና፣ «ጋሽ ሰይፉ፣ አንዱ ስድስት መቶ ቢሲ ይላል፣ ሌላው ሺህ አምስት መቶ። ሶ፣ የቱ ነው? ወይስ ሰውዬው ዝም ብሎ ስቶሪ ነው?» አለችኝ። «ሰውዬውስ ነበረ፤ መቼ እንደነበረ ግን በእርግጥ የሚያውቅ የለም» አልኋት። ከወላጆች አንዱ ሲቀርጽ ኖሯል። እርስዎ ዘንድ የደረሰው «ሰውዬውስ ነበረ» ያልሁት ተቆርጦ ነው።

ቀጥዬ የነገርኋቸውም አልደረሰዎትም። ስድስት መቶ የሚባለው የፋርስ ካህናት ኋላ ላይ ከእስክንድር ወደ ኋላ ቆጥረው ያወጡት ነው። ቋንቋ መርማሪዎች ግን ጋታ የሚባሉትን ጥንታዊ መዝሙሮቹን ከሕንዶች የጥንት መዝሙር ጋር አስተያይተው፣ ብዙዎቹ ከክርስቶስ በፊት ከሺህ ዓመት ወዲያ ያርቁታል። እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። መዝሙሮቹ በጽሑፍ የሰፈሩት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ስንት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ካህናቱ በቃላቸው ይዘው አቆዩአቸው። ልጆቹ ይህ አልዋጥ ቢላቸው በእማዬ መሰልሁላቸው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን ከአባቷ አፍ ተቀብላ አንድ ቃል ሳትስት ትደግማለች፤ ነገ አንድ ሰው ከአፏ ቢጽፈው ጸሎቱ ነገ ተወለደ ይባላል ወይ አልኋቸው። እማዬ ይህንንስ ለምን አልሰማችም?

እርስዎን አውቃለሁ። ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ከአዳም እስከ ክርስቶስ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ብለው ይነሡና ጾሙንም በዓሉንም በጣትዎ ቆጥረው ያወጣሉ። ዓመት ያልተቆረጠለት ነገር ለእርስዎ ተረት ነው። ግን አባታችን ሲተርክልን ዓመት ጠርቶ ያውቃል? «ድሮ፣ በፋርስ አገር» ነበር የሚለን። ሳናውቅ አናውቅም ማለት ክህደት ከሆነ እርሱም ከሃዲ ነበረ ይበሉኛ!

አሁን ፍርሃቴን ልንገርዎ። በደወልሁ ቁጥር እትዬ ብፅዓት በጠራራ ፀሐይ «ተኝተዋል» ይሉኛል። ባለፈው ግን ከኋላ የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። «ማነው?» አለች፤ ስሜ ሲነገራት ዝም አለች። ሌላ ጊዜ ብትቆጣ ትሰድበኝ ነበር፤ «አንተ ደረቅ!» ባለችኝ እንዴት በወደድሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ያስደነግጠኛል። ሰሞኑን ካሌዶኒያን ሮድ አውቶቡስ ላይ ሳለሁ የአገር ቤት ቁጥር ሲጠራ ማንሣት አቃተኝ። እንደምንም ባነሣው አንድ የማላውቀው ሰውዬ «ክብሮም ነህ?» አለኝ። ክብሮም ባለመሆኔ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። እማዬ መጋቢት 10 ቀን ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን እንደምትገባ ሰምቻለሁ። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ደካማ ልቧ! ልጄ ካደ የሚለውን ይዛ፣ ሳትመርቀኝ እንዳትሄድ እፈራለሁ። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ይህን ግን ብቻዬን ልሸከመው አልችልም።

ስለዚህ ለልጆቹ የተናገርሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ጆሮዋ ከብዷልና አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያንብቡላት። ኮከቡን እንዳልካድሁ በእርስዎ አፍ ትስማው፤ የነገሯት እርስዎ ነዎትና ከእኔ ይልቅ እርስዎን ታምናለች።

እትዬ ብፅዓትን እጅ እነሣለሁ፤ የታዘዙትን ነው ያደረጉትና አልተቀየምኋቸውም። ልጅዎን ሌዊን በትምህርቱ በርታ ይበሉልኝ። ብሩክታዊትን ከነሕፃኗ ይሳሙልኝ። የእማዬን ጉልበት፣ ከፈቀደች፣ ስለ እኔ ሆነው ይሳሙልኝ።

መልስዎን በስልክም በቴሌግራምም አልቀበልም። እስከ የካቲት 30 ቀን በእጅ ጽሕፈትዎ፣ በመልእክተኛ እጅ ይድረሰኝ። ስትሰማ ያለችውን ይጻፉልኝ፤ ብትረግመኝም እንኳ አንድ ቃል ሳይቆርጡ።

ታናሽ ወንድምዎ ሰይፈሥላሴ
ለንደን፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.