በአረንጓዴ ክር ስለታሰረው ቲማቲም

ለተከበሩ የአካባቢያችን የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ ጓሮዎ ለምልሞ እንዲሰነብት ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። እኛም ከውሃ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

እኔ፣ እንደሚያስታውሱት፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤትዎ ነኝ። እስከ መቼ የሰው ሱሪ ሳሳጥር እንደምኖር አዝነውልኝ፣ ቤታችን ድረስ እየመጡ፣ እናቴ ያቀረበችውን እየቀመሱ፣ የአባቴ መሬት ጦም ማደሩ ነውር መሆኑን የመከሩኝ እርስዎ ነዎት። እናቴም ልጄ እያለች መረቀችዎት። እኔም የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼ፣ ከባለቤቴ ጋር ቆፍሬ ቲማቲም ተከልኩ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1. ስለ ፓምፑ አመሰግናለሁ። ከወንዙ ውሃ የሚስበውን የጽሕፈት ቤቱን ፓምፕ አውሰውን፣ ተክላችን አበባ እስኪይዝ ድረስ ማንንም አላስነኩብንም። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ እልል ልትል ምንም አይቀራት ነበር።

2. ስለ ጉብኝቱ አመሰግናለሁ። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ሞዴል እርሻ ለማየት ስለቸኮሉ፣ የእኛ ቲማቲም ደግሞ ገና አበባ ላይ ስለነበረ፣ ጎህ ሲቀድ ከገበያ የተገዛ ቀይ ቲማቲም በሳጥን አስጭነው ከች አሉ። ከልብስ ሰፊ ቤት ክር አይጠፋም ብለው ቀለዱ፤ እኛም ሳቅን። ያመነ ሰው ምን ያደርጋል? እንዳይታይ ብዬ አረንጓዴውን ክር የመረጥኩት እኔው ነኝ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ፣ ልጄ ላለችው ሰው ውለታ ለመመለስ፣ ቲማቲሙን አንድ በአንድ ከየግንዱ አሰረች። እንግዶቹም አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱ።

3. ስለ ሹመቴ አመሰግናለሁ። የታሰረው ቲማቲም ሳይበሰብስ፣ ራሱን የቻለ ገበሬ ተብዬ ፓምፑ ተነሳብኝ፤ ለባሰበት ችግረኛ ይተላለፋል ተባለ። የባሰበት ችግረኛ የእርስዎ የጓሮ ብርቱካን መሆኑን የተረዳነው የሞተሩን ድምፅ በአጥር ማዶ ስንሰማ ነው። ለካስ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ብቻ አይደለም!

4. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎት፣ ግድግዳው ላይ ያሰቀሉትን ያንኑ ፎቶ በጣትዎ አሳይተው፣ እንዲህ ያፈራ ሰው ምን ቆርጦት ይለምናል ብለው በሠራተኞችዎ ፊት ስላሳቁብኝም አመሰግናለሁ። የታሰረ ነው ብዬ እንዳልናገር፣ እንግዳ ያታለልኩት እኔ ልባል ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ አወዳደቁ እንዲህ እንደሚያም ግን የነገረኝ አልነበረም።

አብዛኛው ተክላችን አበባውን እንደያዘ ደረቀ። ባለቤቴ ከስፌት መኪናው ላይ ጨርቁን ገፈፈች። እኔ ግን አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ አሯል። ይህን ያደረገብን ጠላት ቢሆን እንችለው ነበር፤ እርስዎ በራችንን ሳያንኳኩ የሚገቡ ሰው ነበሩ። በወንዙ ዳር ያለው መደብ ገና ነፍስ አለው። ፓምፑ በዚህ ሳምንት ካልተመለሰ እሱም አበቃለት።

የብርቱካንዎን ልምላሜ በአጥር ቀዳዳ የሚያደንቅ፣ በፎቶ የከበረ፣ በማሳው የደኸየ፣ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

ራሱን የቻለው ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ እነዚያ እንግዶች ምርቱ የት ደረሰ ብለው ተመልሰው ሊመጡ መሆኑን ሰምተናል። አንድም ክር አልፈታንም፤ ሁሉም በየደረቀው ግንድ ላይ እንዳለ ነው። ማብራሪያውን የምትሰጠው እናቴ ናት። መነጽሯን ወልውላ ተዘጋጅታለች፤ ስለ እርስዎ ስታስረዳ ግን ልጄ አትልም።