ሲጢጥታውን ስላጠፋሁልዎ መሪ

ስምዎንም ሆነ የቢሮዎን ከተማ ለክብርዎ ስል ለማልጠቅሰው፣ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ በተለይ ጆሮዎን ይጠብቅልዎ፤ መኪና የሚመረምሩት በጆሮዎ ብቻ ነውና።

ነገርን ከሥሩ ነውና፣ የታናሽ ወንድሜን የኸይረዲንን ፒክአፕ ለዓመታዊ ምርመራ ያቀረብኩልዎ እኔ ነኝ። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ሲጢጥ ይል ስለነበር፣ እርስዎ ከወንበርዎ ሳይነሱ «ይህን ድምፅ አጥፍተህ ና» ብለው መለሱኝ። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1. ድምፁ ከምን እንደሚመጣ ስላልጠየቁኝ አመሰግናለሁ፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ከሚሴ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ መኪናውን በክሪክ አንስቼ፣ መሪውን ከጎማው የሚያያይዘው ብረት የላላበትን መጋጠሚያ በግራሶ ሞላሁት፤ በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭም ጠቀጠቅሁት። ዝም አለ።

2. በማግስቱ መሪውን አንዴ አዙረው «አሁን መኪና ሆነ» በማለት ማለፊያውን ስለለጠፉልን አመሰግናለሁ። በሳምንቱ ኸይረዲን ፍየል ጭኖ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲሄድ መጋጠሚያው ወለቀ። መሪው ዞረ፣ ጎማው አልዞረም። ኸይረዲንን ያን ዕለት ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበርነው።

3. ይህኛውን ምስጋና መጻፍ ይከብደኛል። የእናታችን ዓይን ከደከመ ቆይቷል፤ ልጇ መግባቱን የምታውቀው ፒክአፑ ወደ ግቢው ሲታጠፍ በሚያሰማው በዚያ ሲጢጥታ ነበር። ዛሬም በየቀኑ ከአሱር በኋላ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ በኦሮምኛ «ዱፌ!»፣ ቀጥላም «መጥቷል እኮ፤ ድምጡን አጥፍታችሁበት ነው የማትሰሙት፤ ክፈቱለት» ትላለች። መሞቱን ነግረናታል፤ አልቅሳለችም። እኔ ተነስቼ እከፍታለሁ። ማንም የለም። አንድ ሰው የሚገባበትን ያህል ቆሜ ጠብቄ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ መዝጋት ያስፈራኛል።

ድምፁን ማን እንዳጠፋው ስትጠይቀኝ «ቢሮው ነው» እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ ያጠፋሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ግማሹ ወንጀል የእኔ ነው። ግማሹን ግን፣ ሥራ ካልበዛብዎ፣ አንድ ቀን ከአሱር በኋላ መጥተው፣ በሩን በእጅዎ ከፍተው ይካፈሉኝ።

ትእዛዝዎን ከተሰጠው በላይ አሳምሮ የፈጸመ፣ ታዛዥ ባለጉዳይዎ፣
ሙሀመድአሚን፣ ከከሚሴ

ማስታወሻ፦ ፒክአፑን ለዘንድሮው ምርመራ እንዳቀርብ የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። በገመድ ጎትቼ አመጣልዎታለሁ። ሐሳብ አይግባዎ፣ ምንም ድምፅ የለውም፤ ያልፋል።