ለበርበሬ ቀማሹ አጎቴ

ነሐሴ 21 ቀን 1996 ዓ.ም.
ቡታጅራ አጠገብ፣ ከቤታችን

ውድ አጎቴ ሸረፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ አራተኛው ነው፤ ሦስቱን ጀምሬ ቀድጃቸዋለሁ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። የምጽፈው ስለ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ስለሆነ እጄ እሺ አይለኝም። የአጎቴ ልጅ፣ እህቴ ናጃህ፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና እባክሽ ሰው በሌለበት አንብቢላቸው።

እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። በርበሬው አብቧል፤ ታች ያለው ማሳ እንዲያውም ፍሬ መያዝ ጀምሯል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ዳር ቆሞ ያየውና «ዘንድሮ የሸረፋ ምላስ ሥራ አያጣም» ይላል። ከሐኪም ቤት ወጥተው ወልቂጤ ልጅዎ ናጃህ ዘንድ መብላት መጀመርዎን የሰማን ቀን እማ እልል አለች። ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎት መጣ።

ትናንት ግን በሰው የላኩት መልእክት ደረሰን። «ጥፋቱ የራሴ ነው፤ መድኃኒቱን በባዶ ሆዴ ቀመስኩት። ወተት ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ አይነካኝም ነበር» ብለዋል አሉ። አባቴም፣ ጎረቤታችን አለሙም «እውነቱን ነው» አሉ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ ሰሐኑ ከእጄ ወደቀ። አይደለም፣ አጎቴ። ሆድዎ አላጠፋም።

ያን ሐሙስ ልንገርዎ። እርስዎ በቦታው ቢኖሩም እኔ የማውቀውን አያውቁም ነበርና።

ከዚያ በፊት ማክሰኞ ዕለት የግብርና ሠራተኛዋ መንበረ የትሉን መድኃኒት ስታመጣ ለአባቴ አንድ ወረቀት ሰጥታው ነበር። «ረጪዎቹ ሁሉ ይህን ሳይሰሙ እንዳትጀምሩ» ብላዋለች። አባቴ ፊደል ስላልቆጠረ ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ። አምስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ የቤቱ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትሉን የሚገድለው ሰውንም ይገድላል ይላል። በአፍ አይቀመስም። በባዶ እጅ አይነካም። በክዳኑ ከተሰፈረው በላይ አይጨመርም። ሲረጭ ነፋሱ ከጀርባ ይሁን፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ አይነካ። ከባድ አማርኛ አልነበረበትም። ሁሉም ገብቶኛል።

ሐሙስ ጠዋት ሰዎቹ ለደቦ መጥተው መድኃኒቱ የሚበጠበጥበትን በርሜል ከበው ቆሙ። አባቴ ጠራኝ።

«ዘይባ፣ ያን ወረቀት አምጪና አንብቢልን።»

አለሙ ወዲያው አጨበጨበ። «ዝም በሉ! መምህርት መጣች! ዱላዋን አቀብሏት፣ የረበሸ ይገረፋል!»

ሁሉም ሳቁ። እርስዎም ፈገግ አሉ። አለሙ ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሳይቀልድ የዋለበት ቀን የለም። እኔ ግን አምና የቀበሌውን ደብዳቤ ሳነብ የሆነው ትዝ አለኝ። «ማሳሰቢያ» የምትለው ላይ ሦስት ጊዜ ተንተባትቤ፣ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ማ-ማ-ማሳሰቢያ» እያሉ አንድ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። ጆሮዬ ጋለ። ወረቀቱ እጄ ውስጥ ረጠበ።

«ምንድነው የሚለው ታዲያ?» አለ አባቴ።

«ያው… እንደ አምናው ነው» አልኩ።

አጎቴ፣ አምና የመድኃኒቱ ወረቀት አልነበረም። ማንም አላስታወሰም።

ከዚያ የሆነውን ያውቁታል። ከቆሼ እስከ ቡታጅራ ገበያ ያለ ነጋዴ በርበሬ ሲገዛ እርስዎን ነው የሚጠራው። ዓይንዎን ጨፍነው «ይሄ የማረቆ ነው፤ ይሄን ደግሞ ዝናብ መትቶታል» ካሉ ማንም አይከራከርዎትም። ስለዚህ የመድኃኒቱም ልክ በእርስዎ ምላስ እንዲለይ ሁሉም ይጠብቃል። አለሙ «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ፤ ሸረፋ፣ አንተው ፍረድ» አለዎት። ጣትዎን ነክረው ምላስዎ ጫፍ ላይ አደረጉ።

«አልነከሰም» አሉ። «ይሄ ትሉን ያወፍረዋል እንጂ አይገድለውም። ጨምሩበት።»

ተሳቀ፤ ተጨመረ። ደግመው ቀመሱና «አሁን ነከሰ» አሉ። ፓምፑን አዝለው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበሉ ማሳው ውስጥ ገቡ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ወላሂ ከፍቼ ነበር። ድምፅ ግን አልወጣልኝም።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሲንበረከኩ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ላብዎ እንደ ዝናብ ይወርድ ነበር፤ ምራቅዎ አልቆም አለ። አባቴ ጋሪው ላይ ሲያስተኛዎት ቀና ብለው አዩኝ። የዓይንዎ ብሌን ከበርበሬ ዘር አንሶ ነበር። እኔን ያወቁኝ አልመሰለኝም። ጋሪውን ተከትዬ እስከ ሐኪም ቤቱ በር ሮጥኩ፤ ወረቀቱ ደረቴ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ መርፌ ከወጋዎት በኋላ ለአባቴ «ትንሽ ብትዘገዩ አይተርፉም ነበር» አለው። ቀጥሎም «ጠዋት ምን በልተው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ምንም እንዳልበሉ ተነገረው። ሰዎቹ ከሐኪሙ ንግግር ሁሉ ይዘው የወጡት ይቺን ጥያቄ ብቻ ነው። ወደ ቤት እስክንመለስ ድረስ ጥፋተኛው ባዶ ሆድ ሆኖ አረፈው።

በርበሬ ሲደርቅ አጠገብዎ እያስቀመጡ ያስቀምሱኝ እንደነበር ያስታውሳሉ? ሌሎቹ ልጆች ሲያስሉና ሲጮኹ እኔ ዝም ብዬ እንባዬን እጠርግ ነበር። አንድ ቀን ለአባቴ «ይቺ ልጅ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን ቃሏ የታመነ ነው» አሉት። ለማንም አልነገርኩም እንጂ ያን ቃል ለብቻዬ እየደጋገምኩ ስንት ጊዜ ደስ ብሎኝ ተኝቻለሁ። አሁን ሳስበው መሸሸጊያ ያሳጣኛል። «እንደ አምናው ነው» ባልኳት በዚያች አንዲት ቃል ነው እርስዎን የጎዳሁት።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ አለሙ በደጃችን ሲያልፍ ቆመ።

«ሳሌሃ!» አለ እማን። «ነገ የኔ ማሳ ነው። ጾሙም ተፈቷል። ሸረፋ እስኪመለስ ምላሱ እኔ ነኝ! ወተት አዘጋጂልኝ፣ አንድ ኩባያ ግጥም አድርጌ ነው የምቀምሰው።»

«ደግሞ ላሟንም ቅመሳት» አለችው እማ፤ እየሳቀ ሄደ።

እኔ አልሳቅኩም። የአለሙ ፊት በእርስዎ ፊት ቦታ ጋሪው ላይ ታየኝ። እማን ተከትዬ ጓዳ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ውሸቱን፣ ሁሉንም። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ግድግዳውን ደግፋ ቁጭ አለች።

«ለአባትሽ እኔ ልንገርልሽ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አዎ» ልል ነበር። ፊቴን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አይሆንም። አፍሽ ያበላሸውን አፍሽ ያቅናው። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ወተቱንም አላልብለትም።»

ይገርምዎታል፣ ከዚያ በኋላ ምሳዬን በላሁ። ስምንት ቀን ሙሉ አልበላ ያለኝ ቆጮ ዛሬ ጣመኝ። ውጭ ወጥቼ በርበሬውን አየሁት፤ ነጭ አበባው ንብ ሞልቶበታል። እርስዎ ለመልቀሚያ እንደሚደርሱ አሰብኩና ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ደስ አለኝ።

ይቅር ይበሉኝ፣ አጎቴ። ወዲያው ይቅር ማለት ቢከብድዎት እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ከተመለሱ በኋላ በርበሬን እንጂ ሌላ ነገር አይቅመሱ። ወተት ጠጥተውም ቢሆን።

ነገ ጠዋት ሰዎቹ ሳይሰበሰቡ አለሙ ማሳ እደርሳለሁ። መድኃኒቱን የሚያስቀምጥባት የእንጨት ሣጥን አለችው፤ ክዳኗ ላይ እቀመጣለሁ። ሁሉም ሲመጡ መጀመሪያ መዋሸቴን እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ወረቀቱ የሚለውን አንድ በአንድ፣ በራሳችን በመስቃንኛ። አለሙ «መምህርት» ቢለኝ ይበለኝ። ቢስቁም ይሳቁ፤ ሥራ ፈትተው እስከ ቀትር ይሳቁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ። ሳልናገር ግን ከሣጥኗ ላይ አልነሣም።

የወንድምዎ ልጅ፣
ዘይባ ከድሮ