የኮረብታው ውሃ ከፋች የጋሽ ቁልፍ የሕይወት ታሪክ

ነሐሴ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ጠዋት በላይኛውና በታችኛው ቤት መካከል የነበረው የድጋፍ ግንብ ለምን እንደፈረሰ በቤተሰባችን ሁለት ታሪክ ይነገራል። ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሽ ቁልፍ፣ ግንቡ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ሳይተውለት ስለተሠራ ነው ይሉ ነበር። ግንቡን የገነቡት ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ፣ ታናሽየው የላይኛውን የውሃ መስመር ከሰዓቱ አሳልፈው ክፍት ስለተዉና ከተሰነጠቀ ቱቦ የወጣው ውሃ አፈሩን ስላራሰው ነው ይላሉ። ጋሽ ቁልፍ በመጨረሻው ወር ይህን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ያዘዙትን የልጅ ልጃቸውን፣ «የእሱንም ጻፍ፤ የኔን ብቻ ከጻፍክ ተነስቼ አስተካክለዋለሁ» ብለውታል። ስለዚህ ሁለቱም ተጽፈዋል።

ጋሽ ቁልፍ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥቅምት ወር 1944 ዓ.ም. በዚሁ ኮረብታ፣ በታችኛው ቤት ተወለዱ። በአምስት ዓመት ከሚበልጧቸው ወንድማቸው ቀጥሎ የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። ያን ጊዜ ከከተማው ወደዚህ የሚያወጣው መንገድ ጭቃ ነበር፤ ቤቶቹም አሥራ አንድ ብቻ። ዛሬ መንገዱን በጥላ የሸፈኑት ጽዶች ከሰው ጉልበት አይበልጡም ነበር። ውሃ የሚቀዳው ከሸለቆው ምንጭ ስለነበር ሁለቱ ወንድማማቾች ትልቅ ባልዲ በእንጨት አንጠልጥለው ዳገቱን ይወጡ ነበር። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላልና ሁልጊዜ ከኋላ የሚሆኑት ታላቅየው ነበሩ።

ጋሽ ቁልፍ ትምህርታቸውን ከኮረብታው ግርጌ በሚገኘው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1964 ዓ.ም. በውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ቱቦ ወደ ኮረብታው ከገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ውሃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ ሰፈሩ የታች፣ የመካከልና የላይ መስመር ተብሎ በየተራ ይደርሰው ነበር። እሳቸውም ትከሻቸው ድረስ የሚደርስ የብረት ቁልፍ ይዘው፣ መንገድ ላይ ያሉትን ክዳኖች እያነሱ፣ አንዱን መስመር ሲዘጉ ሌላውን ሲከፍቱ አርባ ዓመት አገለገሉ። ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። የላይ ሰዎች ለታቾቹ ያደላል ብለው ሲያሟቸው፣ የታቾቹ ደግሞ ለላዮቹ ይሉ ነበር። እሳቸው ግን «ሁለታችሁም ካማችሁኝማ ልክ ነኝ ማለት ነው» እያሉ ያልፏቸው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. በመካከል መስመር ይኖሩ ከነበሩት አስተማሪ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ «እኛ ቤት ውሃ ሞልቶ የፈሰሰው ሊያገባኝ ባሰበበት ወር ብቻ ነው፤ ከተጋባን በኋላማ እንደ ሰዉ ተራዬን ጠብቄያለሁ» እያሉ ዛሬም ይናገራሉ።

አባታቸው ሲያርፉ ታላቅ ወንድማቸው የግንበኝነቱን ሙያ ወረሱ። ከታችኛው ቤት በላይ ባለው እርከን ላይ ቤታቸውን ሠሩ፤ የእርከኑን አፈር የሚይዘውንም ግንብ በገዛ እጃቸው አቆሙ። ጋሽ ቁልፍ እናታቸውን ይዘው በታችኛው ቤት ቀሩ።

በ1997ቱ ክረምት አራት ቀን ሙሉ ከዘነበ በኋላ ግንቡ በእናታቸው ክፍል ላይ ወደቀ። እናታቸው የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ነበሩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ሸሚዝ እጅጌ ያሳጥሩ ነበር። በሕይወት አልወጡም። ግንቡ ማስወጫ እንዳልነበረው ፍርስራሹን ያዩ ሁሉ ይመሰክራሉ። የላይኛው መስመር በዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ እንደተዘጋም የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ያሳያል። ግንቡን የጣለው የትኛው እንደሆነ፣ ወይስ ዝናቡ ብቻውን ይበቃ እንደነበር፣ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ከመቃብሩ ግራና ቀኝ ቆመው እናታቸውን ቀበሩ፤ ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ታላቅየው ግንቡን እንደገና ሲገነቡ አሥራ አራት ቀዳዳ ተዉለት። ቀዳዳዎቹ የሚፈስሱት ወደ ታችኛው ቤት ግቢ ነው። ጋሽ ቁልፍ በ2004 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የወንድማቸው ቤት ውሃ አንድም ቀን ከተራው አልዘገየም። በየዓመቱም ክረምት ሳይገባ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ብረት ይጠርጉ ነበር። ኩርፊያውስ ወዴት ሄደ ብሎ ለሚጠይቃቸው፣ «ውሃ ኩርፊያ አያውቅም» ነበር መልሳቸው።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ባለፈው ግንቦት ዝናቡ ሲቃረብ ቀዳዳዎቹ አልተጠረጉም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ታላቅ ወንድማቸው በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ መጥረጊያ ብረት እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ የታችኛውን ቤት የግቢ በር ገፍተው ገቡ። ማንንም ሳያነጋግሩ እየጎነበሱ ይጠርጉ ጀመር። ጋሽ ቁልፍ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ሲቆጥሩ ቆዩና ባለቤታቸውን ጠርተው፣ «ወንድምጋሼ ሦስተኛዋን ዘልሏታል፤ ንገሪው» አሉ። ልጆቻቸው ከአፋቸው «ወንድምጋሼ» የሚለውን ቃል ከሰሙ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ነበር። ባለቤታቸው ወጥተው መልእክቱን አደረሱ። ታላቅየው ተመልሰው ሦስተኛዋን ጠረጉ። ወደ መስኮቱ ሳያዩም፣ «ዐይኑ እንደ ድሮው ነው» ብለው ሄዱ። በመካከላቸው የተባለው ይኸው ብቻ ነው።

ጋሽ ቁልፍ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ የታችኛው መስመር ውሃ በሚመጣበት ሰዓት፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። የተለዩት ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከአምስት የልጅ ልጆቻቸውና ከታላቅ ወንድማቸው ነው። ለሌላው ተራ ሲያስጠብቁ የኖሩት የጋሽ ቁልፍ ነፍስ ተራ በማይጠበቅበት፣ ምንጩ በማይነጥፍበት ትረፍ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ በታችኛው ቤት ሳሎን ተሰብስቦ ይህን ጽሑፍ ማን እንደሚያነበው ሲመክር፣ ትልቋ ሴት ልጃቸው ለአጎታቸው አዝነው የግንቡ ነገር እንዲወጣ ጠየቁ። የጋሽ ቁልፍ ታላቅ ወንድም ወረቀቱን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያም ቆመው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ምንም አይውጣ። እኔ ነኝ የማነበው፤ መጀመሪያ የእሱን፣ ቀጥሎ የኔን» አሉ።